ባለቤቴ ሥራ ይዟል

ሸዋንግዛው ፋብሪካ ተቀጠርኩ ካለ ሳምንቱ ነው። ሚስቱ ብርቄ ግን ልቧ አላረፈም። ወረዳው ለቤተሰባቸው ድጋፍ ሲሰጥ፣ ባል ወይም ሚስት ሥራ ከያዙ ቶሎ አሳውቁ ብሏቸው ነበር።

"እስቲ ትንሽ እንቆይ፤ ምን አስቸኮለሽ?" ይላታል ባሏ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ሄድኩ ብሎ ሲወጣ ጠብቃ፣ ብቻዋን ወረዳ ሄደች።

"ባለቤቴ ሥራ ይዟል። ድጋፉን ከእኛ ለባሰበት ስጡልኝ" አለች።

"እንደ እርስዎ ያለ ሰው አይተን አናውቅም፣ እናቴ!" ሠራተኛዋ ተነሥታ ጨበጠቻትና የቤተሰቡን ስም ሰረዘች።

ብርቄ ደስ ብሏት ወጣች። በረንዳው ላይ ሥራ ፈላጊዎች እየተመዘገቡ ነበር።

"ሥራ ከፈታህ ስንት ጊዜ ሆነህ?" አለ መዝጋቢው።

"ዓመት አለፈኝ፤ እስካሁን የቀጠረኝ የለም" ሲል የመለሰውን ድምፅ አወቀችው።

ሸዋንግዛው ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

"ብርቄ!" አለ ደንግጦ፤ "እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?"