የሾፌሩ ቅኝት

"አምስት ቃል እነግርዎታለሁ፤ ይያዙልኝ" ትላለች ሐኪሟ።

ጡረተኛው ጄኔራል ይዘው ነው የመጡት። ወንበር፣ ብርቱካን፣ መንገድ፣ መርፌ፣ ደመና። ሦስት ቀን ሙሉ ሲላጩም ሲለብሱም ሲያነበንቡት ከርመዋል።

እሳቸው ሳያስቃኙ የትም ገብተው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት የድሮ ሾፌራቸውን ላኩት። ሰውየው ዘንጊ መስሎ፣ እዚችው ወንበር ላይ ተመርምሮ፣ ቃላቱን ይዞላቸው መጣ። ሠላሳ ዓመት ከፊታቸው እየቀደመ ገደሉንም ፈንጂውንም ሲያይላቸው የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ወሬው ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

ልጃቸው ጥግ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነግራቸዋለች፤ ፈተናውን ካለፉ በቤታቸው፣ ከወደቁ እሷ ቤት። ከአማቻቸውና ከአማቻቸው ቴሌቪዥን ጋር።

"ወንበር" ትላለች ሐኪሟ።

ልባቸው መለስ ይላል።

"ሎሚ።"

ምን?

"ድልድይ። መርፌ። ከበሮ።"

ጦር ሜዳ እንኳ እንዲህ አልራዱም።

"ቃላቱን ቀየራችሁ እንዴ?" አፋቸው ይቀድማቸዋል።

"የቱን ቃላት፣ አባዬ?" ልጃቸው ቀና ትላለች።

"ኧረ አልቀየርንም" ትስቃለች ሐኪሟ። "ዓመቱን ሙሉ እነዚሁ ናቸው። እዚህ የሚመጣ ሰው መች ይዟቸው ይሄዳል ብለን ነው።"

ጄኔራሉ በልባቸው ያመሳክራሉ። ወንበር ልክ ነው። መርፌም ልክ ነው። ሦስቱን ከየት አመጣቸው?

ጠዋት ሲመጡ ሾፌሩ የክሊኒኩን መታጠፊያ አልፎት ሄዶ ነበር። "መንገዱን ቀያየሩት እኮ፣ ጌታዬ!" ቢላቸው አብረው ስቀዋል።

"እስቲ ይድገሙልኝ።"

"ወንበር። ሎሚ። ድልድይ። መርፌ። ከበሮ።" እንደ ጦር ሜዳ ሪፖርት፣ አንድም ሳይስቱ።

"እሰይ!" ልጃቸው በረጅሙ ትተነፍሳለች። "ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ! ምን ሆንክ ደግሞ? አልፈሃል'ኮ፣ ፊትህ ምነው?"

አይሰሟትም። በሩን እያዩ ነው። መስታወት ነው በሩ። ሾፌሩ ከወዲያ ማዶ ቆሞ አውራ ጣቱን ቀስሮላቸዋል፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። በሌላው እጁ ኪሶቹን ይዳብሳል። የኮቱን፣ የሱሪውን፣ መልሶ የኮቱን። የመኪናው ቁልፍ ከቀሰረው ጣቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።