ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት

ታላቋ እህት ስትቆጣ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ይብሱን ይረጋል። ሥራ ቦታዋ ተቀምጣ ብርሃን የሚያስተላልፈውን የፋይበር ገመድ ልባስ ልጣ፣ ጸጉር የሚያክለውን የመስታወት ክር በሁለት መቆንጠጫ ወጠረችው። ደቃቅ መስመሮች የተቀረጹበትን መስታወት አስጠጋችበት። መነጽሯን አድርጋ የአልትራቫዮሌቱን ጨረር ለቀቀች። ክሩ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጭረቶች ታተሙ።

«የማን ትእዛዝ ነው?» አለ ባልደረባዋ።

«የእናቴ። ፍራሿ ላይ ላነጥፈው ነው። ክሩ ሲለጠጥ ከጭረቶቹ የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣል። ያቺ የወንድሜ ሚስት እናቴን ታገላብጣት እንደሆነ አያታለሁ!»

እናት ታመው ከወደቁ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከአልጋ ሲወርዱ ያየ የለም። ምራታቸው ጠዋት ጠዋት ወጥታ ትሄዳለች። «እንደ ግንድ ጥላኝ ነው የምትሄደው፤ ውሃ የሚያቀብለኝ የለም» ይላሉ፣ ለልጃቸው ብቻ፣ በሹክሹክታ።

ምራት ስትጠየቅ አላፈረችም። «እትዬ፣ ራሳቸው እኮ ናቸው የሚያስወጡኝ። ‹ሂጂልኝ፣ ፊትሽን አልይ› ይሉኛል። እስከ ስድስት ሰዓት ደጅ ለደጅ ስዞር ነው የማረፍደው።»

«ደግሞ በእሷ ታሳብቢያለሽ? ሰው በአንድ ጎኑ ሲበሰብስ!»

«ጀርባቸውን ይዩት እስቲ። አንዲት ቁስል አለ?»

«እግዜር ጠብቋት ነው እንጂ አንቺማ!»

ክሩ ከአንሶላው ሥር ተነጠፈ። በማግስቱ ታላቋ እህት ንባቡን በወረቀት አወጣችው። ሌሊቱን ከፍ ዝቅ ሲል ያደረው መስመር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀጥ ብሏል። እስከ ስድስት ሰዓት ንቅንቅ የለም። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

ወንድሟን ጠርታ ወረቀቱን በእናታቸው አልጋ አጠገብ ዘረጋችለት።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ! ጫፏን የነካት የለም! ወይ እሷ ከዚህ ቤት ትውጣ፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ እህቴ አትበለኝ!»

ወንድምየው ወረቀቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ አቀረቀረ። ምራት ልብሷን በሁለት ፌስታል አጭቃ ወጣች። አላለቀሰችም፤ በሩን ግን እንደ ጥፊ አጮለችው።

«ተይ ልጄ፣ በእኔ የተነሳ አትቆጪ» አሉ እናት፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ንዴቷ ገና አልበረደም። ወረቀቱን ባልደረባዋ ፊት ወረወረችው። «እየው ይህን ግፍ! ሰው እንደዚህ ይጣላል?»

ባልደረባዋ ቀጥ ያለውን መስመር በጣቱ ተከተለው። መልሶ ተከተለው።

«ማን ነው የተኛበት?»

«እናቴ ናት አላልኩህም?»

«ሰው እኮ ዝም ብሎ ቢተኛም ይተነፍሳል» አለ። «ይሄ ባዶ ፍራሽ ነው።»