የሚኒስትሯ ምሳ ዕቃ

ለሥልጣኗ ብላ ወንድሟን የካደችውን ሚኒስትር በቴሌቪዥን ድራማ የምትጫወተው ተዋናይት፣ የገዛ ወንድሟ ሲታሰር "ሥራዬን አጣለሁ" ብላ ፈርታ ሳትጠይቀው ከርማ፣ ዛሬ ምሳ ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

የበሩ ፖሊስ ገና ሲያያት ሳቀ።

"ምሳ ማስገባት ተከልክሏል። ግን ያቺን የድራማውን የችሎት ንግግር አንዴ ካልሽልን ራሴ አደርስልሻለሁ።"

ሌሎቹም መጥተው ከበቧት። መነጽሯን አወለቀችና እንደለመደችው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "እኔ ወንድም የለኝም። ይሄን ሰውዬ ከፊቴ አንሱልኝ" አለች።

ፖሊሶቹ አጨበጨቡ። ከእስረኞቹ መስኮትም ፉጨት ተሰማ።

ፖሊሱ ቃሉን አላጠፈም፤ ምሳ ዕቃውን ይዞ ገባ። ብዙም ሳይቆይ እንደተከደነ ይዞት ተመለሰ።

"ልጁ እህት የለኝም ይላል" አላት።