በማተቤ

ማሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የባለሱቋን የራዲያን ሰሊጥ እያበጠረች አብራት ቴሌቪዥን ታያለች። የዐረብኛው ድራማ ሞታ በየቀኑ ወደ ቤቷ ስለምትመለስ ታናሽ እህት ነው። ልጅቱ ብቅ ስትል ማሬ አንገቷን ትደፋለች።

ከደርግ ሸሽተው መተማን ሲሻገሩ ታናሽ እህቷ ወርቅውሃ መራመድ አቃታት። ማሬም ጥቁሩን ማተቧን ፈትታ አሰረችላትና «በማተቤ፣ ውሃ ይዤልሽ እመለሳለሁ» ብላ ከግራር ሥር ጥላት መጣች። አማርኛ ለምትሰማው ለራዲያ ግን አፏን ሞልታ «ለእናቴ አንድ ነኝ» ብላ ነግራታለች።

ዛሬ የድራማው ልጅ አንገት ላይ ጥቁር ማተብ አለ። ልጅቱ ቀና ብላ በአማርኛ፣ «ማሬ፣ እታለም፣ ውሃው ተገኘ?» አለች።

የማሬ እጅ ባዶ አንገቷ ላይ ቀረ። ራዲያ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣

«እህት የለኝም አላልሽኝም?» አለቻት።