ድንጋይ መንቀያው

ሽማግሌው ከአሥር ዓመት እስር ተፈትቶ ፓሪስ፣ የድሮ ሰፈሩ ሲደርስ፣ ሠራተኞች የመንገዱን ድንጋይ ይነቅሉ ነበር። አንደኛው የያዘውን ባለ ሁለት ጥርስ ብረት ሲያይ ክው አለ። በመንግሥት ላይ በተነሳውና እሱን ባሳሰረው አመፅ ጊዜ ሰዉ ድንጋይ ቶሎ ነቅሎ ምሽግ እንዲሠራ ራሱ የፈለሰፈው፣ ወታደሮች ሲይዙት የቀሙት መንቀያ ነበር።

«ይሠራል?» አለ።

«ምን ጥያቄ አለው አባባ። የሦስት ሰው ሥራ ብቻዬን እሠራበታለሁ። የፈለሰፈው ሰው እጁ ይባረክ።»

«ድንጋዩስ?»

«ከከተማ ይወጣል፤ በምትኩ ሬንጅ ይፈሳል። የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ከእንግዲህ ጥጋበኛ ሁሉ መንገድ ልዝጋ ቢል የሚከምረው አያገኝም።»

ሽማግሌው ብረቱን ተቀብሎ ከአንድ ድንጋይ ሥር ሰካው። በድሮው አያያዙ ጨብጦ ገፋው።

«እንደሱ አይደለም አባባ» አለ ሠራተኛው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያስተካከለለት። «እንዲህ ነው የሚያዘው።»