አምባሩ ሲበራ

አገሩን ከመታው ወረርሽኝ ወዲህ የሴት ልጅ ማህፀን የሚከፈተው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሆኗል። ቀኑ ሲደርስ፣ ከጤና ጣቢያ የታሰረላት አምባር አረንጓዴ ይበራል። የወይዘሮ መሠለች አምባር በስምንት ዓመት ስምንት ጊዜ በርቷል፤ ስምንቱንም ጊዜ በዐቢይ ጾም።

አምባር የሚመለሰው በአርባ ዓመት ነውና፣ አርባ ሲሞላት ለባሏ ሳትነግር ልታስረክብ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ እየፈታችላት፣ "እትዬ፣ ሲበራ ምን ታደርጉ ነበር?" አለቻት።

"እንጠብቃለና! ጾም አይደል? ባለቤቴ ፍራሹን ሳሎን አውጥቶ ይተኛል። ፋሲካ ሲያልፍ ነው እንግዲህ..." መሠለች አፍራ አንገቷን ደፋች።

የነርሷ እጅ ቀጥ አለ። "ከበራ በኋላ እኮ ማህፀን ክፍት ሆኖ የሚቆየው እስኪነጋ ብቻ ነው። ማንም አልነገራችሁም?"

ተነግሮ ይሆናል። አምባሩ የታሰረላት ቀን አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስለ አልጋ ነገር ማን እጁን አውጥቶ ይጠይቃል? እሷና ባሏ ቢረሳው መብራቱ የመፀነሻው ወራት መግቢያ መስሏቸው ኖሩ።

ቤት ስትደርስ ቢረሳው ሳሎን የተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የቀን መቁጠሪያ ያገላብጣል።

"መሠሉ፣ ከበራ ገና ሦስት ቀኑ ነው፤ ፋሲካም ደርሷል። የዘንድሮው እንኳ አያልፈንም!" አላት ፊቱ ፈክቶ።

ባዶውን የእጅ አንጓዋን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

"አዎ" አለችው። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ እንደ ሌላው ዓመት ሁሉ፣ ፍራሹን ለብቻው አነጠፈችለት።