ቀሪ አለ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና የጎረቤቴን የአስካለን በር ነገር ላጫውታችሁ።

ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ተሰጥቶታል። የቤተሰቡ ቁጥሮች ይባዙና የሚወጣው አንድ ትልቅ ቁጥር በበሩ መቃን ላይ ይበራል። በሩ የሚከፈተው ቁጥሩ ያንን ትልቅ ቁጥር ያለ ቀሪ ለሚያካፍልለት ሰው ብቻ ነው። የአስካለ ቤት ቁጥር መቃኑን ይዞር ነበር። ባሏ ሲሞት ለእሱ ቁጥር ተካፈለና አጠረ። ልጇ ውባንተ መርከብ ላይ ሥራ ይዞ ዓመታት ስለቆየ፣ በደንቡ መሠረት ለእሱም ተካፈለ። የእሷው ቁጥር ብቻ ቀረ፤ ከራሱና ከአንድ በቀር የሚያካፍለው የሌለ፣ ብቸኛ ቁጥር የሚሉት ነው።

እግሯም ከዳትና በሩ ድረስ መሄድ አቅቷት መስኮቱ ሥር ተኛች። ምግቧን በመስኮት የማቀብላት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ውባንተ መጣ። እጁን በሩ ላይ ቢያሳርፍ፣ «ቀሪ አለ» አለው በሩ።

«እማዬ ሰማሽው? ትምህርት ቤትም ስም ሲጠራ እንዲሁ ነበር የሚሉኝ!» ብሎ ሳቀ።

«አይ ልጄ፣ ቀሪዋስ እኔ ነኝ» አለችው።

በመስኮቱ ፍርግርግ ውሃ አፍስሳ እጁን አስታጠበችው፤ አጎረሰችው። እሱም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ በላ።

የልጄ ቁጥር መልሶ ይባዛልኝ ብላ አመለከተች። መልሱ ሳይመጣ ሞተች። ቁጥሩ ለራሷ ሲካፈል መቃኑ ላይ አንድ ብቻ ቀረች። አንድን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ደግሞ ለማንም አልተሰጠም።

አደራ ልጆቼ፣ በዚያ ደጃፍ ስታልፉ ያቺን አንድ አይታችሁ አስካለን አስቡልኝ።